ጨረቃን ያልጠበቁ ስልኮች

የካቲት 24፣ ሰኞ

እኔ ዋፋ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጾመኛ፣ ሙሉ ጤንነትና ግማሽ ጸጸት ያለኝ፣ ያለማንም አስገዳጅነት ቃሌን እሰጣለሁ። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ አያቴ አው ዓሊዪ ሲያንኮራፉ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር ወስጄ ለአርባ ደቂቃ ተጠቅሜበታለሁ። የአክስቴን የነጂባንም ጭምር። ጥፋቴን የሚያቀለው፣ ያደረግኩት ለወንድሜ ስል መሆኑ ነው። የሚያከብደው፣ ሳልፈልግ የአክስቴን ፎቶዎች ማየቴ ነው። መቶ አሥራ አራት ናቸው። መቶ አሥራ አራቱም የራሷ አውራ ጣት ነው።

ለፍርድ እንዲመች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ወንድሜ ዐብዱሰላም ለአፎቻችን የኢንተርኔት ገጽ ሠርቷል። ድሮ የዚህን የሰርግና የሐዘን ማኅበር ጥሪ ቤት ለቤት የሚያደርስ ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ደከመና ተቀመጠ። አሁን ስልሳ ሦስቱም ቤት ጥሪውን በስልኩ ከፍቶ ያያል። የመጀመሪያው ትልቅ ጥሪ ደግሞ የራሱ የዐብዱሰላም ነው። ከረመዳን ቀጥሎ ያለው ወር ሸዋል በገባ በስምንተኛው ቀን፣ በእኛ በሐረሮች የሸዋሊድ በዓል ዕለት፣ የእጮኛው የሰዐዲያ ቤተሰብ እኛ ቤት መጥቶ የኒካሁን፣ የጋብቻ ውሉን፣ ቀን ይቆርጣል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ዐብዱሰላምን የሚድሩት አያቴ ናቸው።

ገጹ ሸዋል 8 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ቀን እንደሚውል ራሱ አስልቶ ይጽፋል። ጎበዝ ገጽ ነው።

በአያቴ ስልክ መጋቢት 28 ይላል። በአክስቴ ስልክ መጋቢት 29።

የካቲት 25

ለዐብዱሰላም ነገርኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ አየ። 28።

«እኔ ጋ ይሠራል» አለ።

«አክስቴ ጋስ?»

«ስልኩን ገልብጣ ይዛው ይሆናል።»

ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

የካቲት 28፣ ዐርብ

ከጁምዓ በኋላ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ሄጄ ልብስ ሰፊው ሙሜ ጋ ቆምኩ። የቀሚሴን ጫፍ እንዲያጥፍልኝ ነው። (ጫፉን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ፤ ለሳይንስ።) እሱ መኪናውን ሲረግጥ እኔ ስልኩን ከፈትኩ። ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ መካከል «ሸዋል 8 የሚውለው፦» ይልና ከዚያ ባዶ። ምንም። ቀኑን በልቶታል፤ ያውም በረመዳን።

ስለዚህ ሦስት ስልክ፣ ሦስት መልስ። ይህ ደብተር ከሞትኩ በኋላ አያቴ እጅ ቢገባ እንዲገባቸው ልጻፍ፦ ብራውዘር ማለት ገጽን ከፍቶ የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። ብዙ ዓይነት አለ፤ የተለያዩ ሰዎች ሠርተዋቸዋል። ሁሉም አንድ ሕግ አንብበው ነው የተሠሩት ይባላል። እንደ አፎቻችን ሽማግሌዎች ማለት ነው። ሁሉም አንዱን ሕግ ያነብባሉ፣ ከዚያ አሥር ዓይነት ይፈርዳሉ።

የድርጅት ስም ጠርቼ ከማንም ጋር መጣላት ስለማልፈልግ ብራውዘሮቹን በባለቤቶቻቸው ስም ሰይሜአለሁ። «አው ዓሊዪ» ቀስ ይላል፣ ግን የጀመረውን ይጨርሳል። ፊደሉ ደግሞ ከከተማ ውጭ ካለው ከደሬ ጠያራ ሜዳ ቆሞ እንዲነበብ የተጻፈ ይመስላል። «ነጂባ» ገጹን ዳታ ለመቆጠብ ጨምቃ ጨምቃ፣ ልክ እንደ ሎሚ፣ የቀረውን ታሳያለች። «ሙሜ» ያልገባውን ዘልሎ ያልፋል። የሚገርመው፣ ሦስቱም ባለቤቶቻቸውን ይመስላሉ።

ከጥሪው በታች «እንመጣለን» የሚል ቁልፍ አለ። ሲጫኑት «መልስዎ ተመዝግቧል» ብሎ የተጫኑበትን ቀን ይጽፋል። ዐብዱሰላም ገና ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ስላላገናኘው፣ ለጊዜው መልሱን የሚያውቀው የተጫኑበት ስልክ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ተጭነው ተጭነው አልጠግብ ብለዋል። አክስቴ በየቀኑ ትጫናለች። «ብረሳውስ?» ትላለች።

መጋቢት 2

ኮዱን ከዐብዱሰላም ጋር አየነው። ረጅም ነው። ቀኑን የሚያሰላው መስመር አንድ ብቻ ነው። አጭር፣ ቆንጆ መስመር።

ያንን መስመር ማን እንደጻፈው ዐብዱሰላም አያስታውስም። በዚያ ቀን ደክሞት ላፕቶፑ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሲነቃ ገጹ አልቆ አገኘው። ስንት ተአምር አለ።

«እኔ ጋ ይሠራል» አለ እንደገና፤ ድምፁ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

መጋቢት 5፣ ዐርብ

ዛሬ ሐጂ ነስሮ መጡ። የሰዐዲያ አባት ናቸው፤ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና ዝንጅብል ይሸጣሉ። ስልካቸውን በጥቁር ገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ከሐረር ስልክ ሁሉ ያልነካሁት እሱን ነው ማለት ይቻላል። እኔን ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ያውቁኛል፤ አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ያቺ ልጅ» ነኝ።

እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። (ለሳይንስ አይደለም። ለወሬ ነው።)

«አው ዓሊዪ» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ። «እኔ በርበሬ ስመዝን ሚዛኔ ሁለት ቃል አይናገርም። የእናንተ ጥሪ በአንዱ ሱቅ ሃያ ስምንት፣ በሌላው ሱቅ ሃያ ዘጠኝ ነው። ጊደር መጋላ ሙሉ ሳቀብኝ እኮ! ‹ሐጂ፣ ልጅህን ሁለት ጊዜ ልትድር ነው?› አሉኝ።»

«አስተፍሩላህ» አሉ አያቴ።

«ደግሞስ ጨረቃ ሳትታይ ሸዋልን ማን ቆጠረው? ስልኩ ሚናራ ላይ ወጥቶ አይቷታል?»

ዐብዱሰላም አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ወላሂ «እኔ ጋ ይሠራል» ሊል ነው ብዬ መጋረጃውን ነከስኩ። ተመስገን፣ ዘጋው።

«ስሙኝ» አሉ ሐጂ ነስሮ። «ዒድ በዋለ በሦስተኛው ቀን አሥር ነጋዴ ሱቄ በር ላይ ስልኩን ያወጣል። አሥሩም አንድ ቃል ከተናገሩ በሸዋሊድ እንመጣለን። አንዱ እንኳ ከዋሸ ሰዐዲያ አባቷ ቤት ናት። ጥሪውን በሁለት ቀን የሚጠራ ሰው ልጄን በሁለት ልብ ነው የሚያኖራት።»

ወጡ። ሲያልፉ መጋረጃውን አይተው «ያቺ ልጅ እግሯ ይታያል» አሉ።

ዐብዱሰላም ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ድረስ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቴምር ይዤለት ሄድኩ። ሳያየኝ በላ።

መጋቢት 6

ተኝቼም ያ መስመር በዓይኔ ላይ ይሄዳል። አጭር ነበር። ኮርቼበት ነበር። ማለቴ፣ የጻፈው ሰው ኮርቶበት ይሆናል።

መጋቢት 9

ፈተና ላይ ፈተና። በሦስት ቀን ሰባት ስልክ። የአክስቴን ሁለት ጊዜ።

ገጹን ቀየርኩ፣ ቀለሙን አነሳሁ፣ ሥዕሉን ጣልኩ። «አው ዓሊዪ» 28። «ነጂባ» 29። «ሙሜ» ባዶ። ሌላ ቀየርኩ። 28፣ 29፣ ባዶ።

አክስቴ እንቅልፏ መሐል አንድ ዓይኗን ከፈተች። «ማን ነው?»

«መላኢካ ነኝ፣ የአላህ መልአክ» አልኳት።

«ረጅም ዕድሜ ስጪኝ» ብላ ተመልሳ ተኛች።

ሰዐዲያ መልእክት ላከችልኝ፦ «አባቴ ማታ ማታ ስልኩን ከፍቶ ያይና ይዘጋዋል። ምን እንደሚያይ አይናገርም። ዋፋዬ፣ ይሳካል በይኝ።»

«ይሳካል ኢንሻአላህ» ብዬ መለስኩ። ኢንሻአላህን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

መጋቢት 11

አያቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ይህ ደብተር ራሱ የእጃቸው ሥራ ነው፤ ከተረፈ ወረቀት። ዛሬ አንድ ያረጀ ኪታብ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲገላብጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲሠሩ ምላሳቸውን ያወጣሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ስድስት ዓመቱ ነው።

ኪታቡን በሰባት ቦታ ይከፍቱታል። ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉ፣ ከመጨረሻው። በሰባቱም ተዘርግቶ ከተኛ ጥራዙ ደኅና ነው። በአምስተኛው ላይ አልተኛም፤ እንደ ወጥመድ ተዘጋ።

«አባ፣ እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋሉ? ሁሉንም ይፈቱታል?»

«እብድ ነኝ?» አሉ። «የሚያነክሰውን የወረቀት እጥፋት ብቻ አወጣለሁ። አንዱን። በሁለት ጣውላ መሐል ለብቻው አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ። ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ሲጠየቅ በሌሎቹ ያሳብባል። ለብቻው ሲሆን ግን ይናዘዛል።»

እኔ ደግሞ በሦስት ቀን ሙሉውን ኪታብ ስፈታና ስሰፋ ነበር የከረምኩት!

አያቴን በጣም ስለሳምኳቸው ሙጫው ሂጃቤ ላይ ቀረ። «ምን ነካት?» አሉ ለግድግዳው።

መጋቢት 13፣ ከሌሊቱ ምግብ፣ ከሱሁር በኋላ

ባዶ ገጽ ሠራሁ። ጥሪ የለ፣ ሥዕል የለ፣ የአፎቻ ስም የለ። አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ ዛሬ በእስልምናው የሂጅራ አቆጣጠር ስንት ነው?

አራት ስልክና አንድ ላፕቶፕ ጉልበቴ ላይ ደረደርኩ። ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። መለሱ። አንዱ ከሌላው በአንድ ቀን ይለያል!

ሕጉን ፈልጌ አነበብኩት። እንግሊዝኛው እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት ነው፣ ግን ገባኝ። የሂጅራ ቀንን በማሽን ማስላት አንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ስሌት አለ፣ እያንዳንዱም ስም አለው። ጠያቂው የትኛውን እንደሚፈልግ በስም ካልጠራ ብራውዘሩ የመሰለውን ይመርጣል። ያ አጭር ቆንጆ መስመር በስም አልጠራም። «በሂጅራ ቁጠርልኝ» ብሎ ዝም አለ። አንዳቸውም አልዋሹም። ግማሽ ጥያቄ ተጠይቀው ሙሉ መልስ ሰጡ።

በስም ጠርቼ ስጠይቃቸው ሁሉም ተስማሙ። ከአንዱ በቀር። «ሙሜ» በስሙ የተጠራውን ስሌት እንኳ ባዶ ያደርገዋል። ያ ግን የመስመሩ ጥፋት አይደለም። ያ የራሱ የብራውዘሩ ሕመም ነው።

አሁን ሐጂ ነስሮን ሳስባቸው ደግሞ አፈርኩ። ሁሉም ስልክ ቢስማማስ? ጨረቃ ከታየች በኋላ ሁሉም አብረው ተሳስተው ቢገኙስ? እሳቸው ያሉት ይኸው ነበር። ማሽኑ ዒድን የሚያውቀው በስሌት ነው፤ እኛ የምናውቀው በምስክር ነው።

መጋቢት 15

መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይኸው። ደብተሩ አልተቀደደም።

ተኝቶ ስለነበር፣ ሲነቃ እንዲገርመው ብዬ ነው። ለዐብዱሰላም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጫማዬን አድርጌ ነበር የገባሁት፣ ለመሮጥ።

አየኝ፣ አየኝና «አውቃለሁ» አለ። «እኔ መስመር ስጽፍ እንደዚያ አላሳጥርም።»

«ለምን ለሐጂ ነስሮ አልነገርካቸውም?»

«ገጹ የእኔ ነው። ታናሽ እህቴን ጊደር መጋላ ላይ አሰቅላለሁ?» አለና ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። «አንቺ ጋ ይሠራል። ጨርሺው።»

አቦ፣ ዓይኔ ውስጥ በርበሬ ገባ። ሐጂ ነስሮ ትተውት የሄዱት ይሆናል።

መጋቢት 17

ጨረስኩት። ገጹ አሁን ምንም አይቆጥርም። «ሸዋል 8። ጨረቃ ስትታይ ቀኑ ይጻፋል» ይላል፤ በሁሉም ስልክ፣ በ«ሙሜ»ም ጭምር።

ሌላም ነገር አደረግኩ። ከመላው ዓለም የመጡ ሰዎች ለብራውዘሮች ሁሉ ፈተና የሚያስቀምጡበት ክፍት ቦታ ኢንተርኔት ላይ አለ። ማንም ሰው ፈተና ጽፎ ማስገባት ይችላል። ብራውዘር የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸውን በዚያ ይፈትናሉ። እኔም የ«ሙሜ»ን ባዶ የሚያጋልጥ ትንሽ ፈተና ጽፌ ላክሁ። አሥራ አንድ መስመር። እንደ አንድ እጥፋት።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ታየች! ነገ ዒድ ነው! ግንብ የከበበው ጁገል በሙሉ የ«አላሁ አክበር» ተክቢራ ሆነ።

ሸዋል 1 መጋቢት 21 ከሆነ፣ ሸዋል 8 መጋቢት 28 ነው። ዐብዱሰላም ሊጽፈው ሲል «ቆይ» አልኩት። ላፕቶፑን አያቴ ፊት አስቀመጥኩ። የአፎቻው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው፤ ምስክሩም ከእሳቸው አፍ ይውጣ።

አያቴ ቁልፍ የሚጫኑት በጣታቸው ጫፍ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ነው፣ በር እንደሚያንኳኩ። 2ን አንኳኩ። ምላሳቸውን አወጡ። 8ን ለመፈለግ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ባላሳያቸው ኖሮ ዒዱ ባመለጠን ነበር። «ቢስሚላህ» ብለው አንኳኩ።

ስልሳ ሦስት ቤት።

መጋቢት 21

ዒድ ሙባረክ፣ ደብተሬ። ጠግቤአለሁ። መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ጊደር መጋላ። የሐጂ ነስሮ ሱቅ በር። የዝንጅብል ጆንያ ላይ ጨርቅ ተነጥፎ አሥር ስልክ ተደረደረ። ነጋዴው፣ ገዢው፣ ከሶፊ ገጠር ጫት ይዘው የወረዱት ሁሉ ከበቡ። አንዱ «ምን እየተሸጠ ነው?» አለ። ሌላው «ሙሽራ» አለው።

ሐጂ ነስሮ ስልካቸውን ከአንገታቸው አላወረዱም። «የእኔ ዳኛ ነው» አሉ።

ዐብዱሰላም ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ እኔ ተጎንብሼ አንድ በአንድ ከፈትኩ። 28። 28። 28። አራተኛው የሙሜ ስልክ ነበር፤ በስንጥቁ መሐል 28። ሕዝቡ መቁጠር ጀመረ። ስድስት! ሰባት! ስምንት!

ዘጠነኛው፦ መጋቢት 29።

ከኋላ አንዲት ፍየል ብቻ ጮኸች።

«እህ» አሉ ሐጂ ነስሮ። በውሸት እምላለሁ እንዳትሉኝ እንጂ፣ ፊታቸው ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

ዐብዱሰላም ክንዴን ያዘኝ። እኔ ግን የስልኩን ጥግ አየሁት። ዳታው ተዘግቷል። «የማን ነው ይህ?» አልኩ።

«የእኔ» አለ አንድ ቅመም ሻጭ። «ሌሊት ቻርጅ እንዳይበላ ዘግቼው ነው።»

«ሐጂ» አልኩ፣ ስልኩን ወደ እሳቸው ዘርግቼ፣ «ይህ ስልክ የተናገረው የዛሬን አይደለም። የድሮውን ገጽ አስቀምጦ ነው ያሳየን። ያልሰማ ሰው ውሸታም ይባላል?»

«ያልሰማ ይሰማ» አሉ።

ዳታውን ከፈትኩ። ገጹን ወደ ታች ሳብኩት። ያቺ ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። እዚያ ኔትወርክ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የሐረር ሰው ያውቃል።

28።

አሥረኛውን የሰማው የለም፤ ጩኸቱ ዋጠው። 28 ነበር። አክስቴ ነጂባ ከሴቶቹ መሐል እልልታዋን ለቀቀችው። ዐብዱሰላም እንደ ሕፃን አንሥቶ አዞረኝ፤ ዝንጅብሉ ተበተነ። ሐጂ ነስሮ አንገታቸው ላይ ያለውን ስልክ ከፍተው አዩ፣ ዘጉ። «በሸዋሊድ እንመጣለን» አሉ። «ያቺ ልጅ ዝንጅብሌን ትልቀም።»

ለቀምኩ። እየዘፈንኩ።

የእሳቸው ስልክ ምን እንዳለ ግን አላየሁም። ይህ ይበላኛል።

መጋቢት 26

ፈተናዬን ተቀበሉት! አንድ የማላውቀው ገምጋሚ፣ ሌላ አገር ያለ፣ መርምሮ አጸደቀው። «ባዶ የሚመልሰው ብራውዘር ችግሩ ተረጋግጧል፤ ይስተካከላል» አለ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ለምሳሌነት የተጠቀምሽበት ይህ ሸዋል 8 የተለየ ትርጉም አለው?»

«አዎ፤ እንግዳ ይመጣብናል» ብዬ መለስኩለት።

ለአያቴ ሳብራራላቸው «ታዲያ ያንቺን እጥፋት በዓለም መጽሐፍ ውስጥ ሰፉት?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«በሰባት ቦታ ከፍተሽ እይው» አሉ። ከዚያ ግን ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። ለሙሜ ሲነግሩት የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ በእኔ ፈቃድ ነው የሚሠራው አሉት። አላረምኳቸውም።

መጋቢት 28፣ ሸዋሊድ

መጡ! ሁሉም፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት። ግቢው ጫማ በጫማ ሆኗል። የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። ሰዐዲያ በመስኮት አይታኝ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዐብዱሰላም አዲሱን ኮፍያውን እስከ ጆሮው ሳብ አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ እንደማያምርበት ማንም አልነገረውም፣ እኔም አልነግረውም።

አሁን ሁሉም ለዐስር ሶላት ተነሥተዋል። ስልኮቻቸውን ታናሿ ነደባ ላይ፣ ከፍ ያለችው መደብ ላይ፣ ትተዋል። አሥራ ዘጠኝ ስልክ! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ አላየሁም። ተቀምጬ እየከፈትኩ እየጻፍኩ ነው። 28፣ 28፣ 28… አሥራ ስምንት ደረሰ።

የቀረው አንድ ነው። በጥቁር ገመድ።

ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ አውልቀውታል። የይለፍ ቃል የለውም። ስነካው ገጹ ራሱ ተከፍቶ ቆየኝ።

መጋቢት 28።

ከሥሩ ቁልፉ ተጭኗል። «እንመጣለን። መልስዎ ተመዝግቧል፦ መጋቢት 5።»

መጋቢት 5! ቤታችን መጥተው የጮሁበት ቀን። የዚያኑ ዕለት ነው የተጫኑት። ያ ሁሉ ጆንያ፣ ያ ሁሉ አሥር ስልክ፣ ያ ሁሉ «እህ»! ሰዐዲያ ማታ ማታ ከፍቶ ያያል ያለችው ይህንን ነው። ሐጂዬ፣ ከሁላችንም ቀድመው ነበር እኮ የመጡት፤

በር ላይ ሰው ቆሟል። ቀና አላልኩም። እርጥብ እግር ይታየኛል። «ያቺ ልጅ» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም።

«ዋፋ!»